አምፖሉን በኮድ ማብራት፦ የስማርት መብራት ኤስዲኬ ለጀማሪ

በአማርኛ «መብራት» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንዱ አምፖሉ ነው። ሌላው ኤሌክትሪኩ ራሱ። «መብራት ሄደ» ሲባል አምፖሉ ተቃጠለ ማለት እንዳልሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ስማርት መብራትን በኮድ ማዘዝ የሚፈልግ ሰው ግን ሁለቱን ለያይቶ ማሰብ አለበት። ለአምፖሉ ኤሌክትሪክ እየደረሰው ነው? አምፖሉስ በርቷል? ለኮዱ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ጀማሪን ከሚያለፉት ነገሮች ብዙዎቹ የሚመጡት ሁለቱን ከመቀላቀል ነው። ወደዚያ እንመለሳለን።

ይህን የምጽፈው ፓይተን ወይም ጃቫስክሪፕት ትንሽ ለነካካ፣ ግን ኮዱ ከስክሪኑ ወጥቶ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲያንቀሳቅስ ላላየ ሰው ነው። ያ ስሜት ሌላ ነው። ስንት ዓመት ኮድ ጽፌ እንኳ የመጀመሪያዋ አምፖል እሺ ብላ ስትበራ የተሰማኝ ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ምሳሌዬ ፊሊፕስ ሂው የሚባለው የስማርት መብራት ምርት ነው። ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ነው። ያኔ ሦስት አምፖልና አንድ ብሪጅ (አምፖሎቹን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ ሣጥን) የያዘው ካርቶን አሜሪካ ውስጥ 199 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሰዎች መመሪያ እስኪወጣ አልጠበቁም። ብሪጁና ስልኩ የሚነጋገሩትን እያዳመጡ የራሳቸውን ኮድ መጻፍ ጀመሩ። በማርች 2013 ድርጅቱ ራሱ አምፖሎቹ የሚታዘዙበትን ቋንቋ፣ ኤፒአዩን፣ ከፍቶ ለአይፎን የሚሆን ኤስዲኬ አወጣ፤ የሁለቱን ትርጉም ከታች እነግራችኋለሁ። ዛሬ ሂውን የሚሠራው ድርጅት ሲግኒፋይ ይባላል። እስከ 2018 ድረስ ስሙ ፊሊፕስ ላይቲንግ ነበር።

ሂውን የመረጥኩበት ዋና ምክንያት ግን ዕድሜው አይደለም። ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ነው። ብዙ ርካሽ ስማርት አምፖሎች ትእዛዙን መጀመሪያ ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር ይልካሉ። ሳሎን ተቀምጣችሁ የሳሎኑን አምፖል ለማብራት መልእክቱ አገር ዞሮ ይመጣል ማለት ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ መተግበሪያው ዝም ይላል። እኛ ደግሞ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ስለዚህ የማንኛውንም ስማርት መብራት ኤስዲኬ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የኢንተርኔቱ መስመር ቢነቀል ኮዴ ይሠራል? መልሱ «አይሠራም» ከሆነ፣ የገዛችሁት አምፖል ሳይሆን የሰው ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ ኪራይ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ቤቴ አላስገባም።

ኤስዲኬ ሲባል

ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ድርጅት «ምርቴን በራሳችሁ ኮድ እዘዙት» ብሎ የሚያዘጋጀው ጥቅል ነው። ላይብረሪ (ተጽፎ የተዘጋጀ ኮድ) አለው፣ መመሪያ አለው፣ የናሙና ኮድ አለው። ኤፒአይ ደግሞ ምን ብትሉት ምን እንደሚመልስ የሚወስነው ስምምነት ነው። ኤፒአይ ቋንቋው ነው፤ ኤስዲኬ አስተርጓሚው ነው።

ምክሬ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን አስተርጓሚ አትያዙ። የሂው ቋንቋ አጭርና ግልጽ ነው፤ በቀጥታ አናግሩት። ከላይብረሪ ከጀመራችሁ የሆነ ነገር እንቢ ሲል ጥፋቱ የላይብረሪው ይሁን፣ የብሪጁ ይሁን፣ የእናንተ ይሁን መለየት ያቅታችኋል። አንድ ጊዜ በእጃችሁ ካበራችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን ላይብረሪ አምጡ። ለፓይተን ለምሳሌ አይኦሂው አለ፤ ሆም አሲስታንት የሚባለው የቤት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ከሂው ጋር የሚነጋገረው በእሱ ነው።

ማን ከማን ጋር እንደሚያወራም ከወዲሁ ይታወቅ። ኮዳችሁ የሚያወራው ከአምፖሉ ጋር አይደለም። የሚያወራው ብሪጅ ከምትባለው ትንሽ ነጭ ሣጥን ጋር ነው። ብሪጁ በኬብል ከራውተሩ ጋር ይገናኛል። ከአምፖሎቹ ጋር ደግሞ ዚግቢ በሚባል የሬዲዮ መንገድ ይነጋገራል። አምፖሎቹ መልእክቱን እርስ በርስ ይቀባበላሉ፤ ሳሎን ያለው ኮሪደር ላለው፣ ኮሪደር ያለው ለመኝታ ቤቱ። ሁሉም ዕቃ እንዲህ አይደለም። ሊፍክስ የሚባሉት አምፖሎች ለምሳሌ ብሪጅ የላቸውም፤ በዋይፋይ በቀጥታ ይታዘዛሉ።

ዕቃውን ከውጭ ለምታስመጡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አሜሪካ የሚሸጠው አምፖል የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። ችግሩ ደግሞ የአሜሪካው ጠመዝማዛ አንገት እኛ ሶኬት ውስጥ ልክክ ብሎ መግባቱ ነው። ስለገባ የሚሠራ ይመስላል። ወገን ከአሜሪካ ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ካመጣላችሁ፣ አምፖሉ ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታነቡ እንዳትጠመዝዙት። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ይሆነናል።

ዕቃው ጨርሶ ከሌላችሁም መንገድ አለ። ዲአይዋይ ሂው የሚባል በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ኮምፒውተራችሁን ወይም ራስበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ልክ እንደ ሂው ብሪጅ እንዲመልስ ያደርገዋል። አንድ ሳንቲም ሳታወጡ ቋንቋውን ትማሩበታላችሁ።

የመጀመሪያው ሰላምታ

መጀመሪያ ብሪጁን ማግኘት ነው። ቀላሉ መንገድ የራውተሩን ገጽ ከፍቶ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ማየት ነው። 192.168.1.20 የመሰለ አድራሻ ታገኛላችሁ። ያን አድራሻ ራውተሩ ላይ ለብሪጁ ቋሚ አድርጉት። አለበለዚያ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሌላ ቁጥር ሊሰጠውና ትናንት ይሠራ የነበረው ኮድ ዛሬ ብሪጁ ሊጠፋበት ይችላል።

ቀጥሎ መተዋወቅ ነው። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ እኛ ቤት ሰንብቶ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ላፕቶፑን ይዞ ሳሎን ተቀመጠ። ብሪጁ ያለው ኮሪደሩ ላይ ከራውተሩ ጎን ነው። የምንልከው ጥያቄ አንዲት መስመር ናት። ወደ ብሪጁ አድራሻ ትሄዳለች፣ መጨረሻዋ ላይ «ኤፒአይ» የሚል አለ፣ የምትላክበት ዘዴ ፖስት ነው። ውስጧ ደግሞ «ዲቫይስታይፕ» የሚል መለያና የፕሮግራማችን ስም ነው ያለው። (እዚህ የምጽፈው እንደሚነበበው ነው። ስትተይቡ ያው በላቲን ፊደል ነው።)

ላከ። መልስ መጣ፦ ስሕተት 101፣ ቁልፉ አልተጫነም።

«አጎቴ፣ ተበላሸ» አለኝ።

«አልተበላሸም። ‹ማን ነህ?› እያለህ ነው። ሂድና በሩን አንኳኳ።»

ተነሥቶ ሄደና የብሪጁን ትልቁን ክብ ቁልፍ ተጫነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ብቻ ነው። እየሮጠ ተመለሰና ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ላከ። አሁን ስክሪኑ ላይ የወጣው ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ነው። ብሪጁ ከዚህ በኋላ የሚያውቀን በዚያ ነው።

ይህ አሠራር ደስ ይለኛል። የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ኢሜይል አይጠይቅም። ቤት ገብቶ ያን ቁልፍ በጣቱ መጫን የቻለ ሰው የቤቱ ሰው ነው፣ ወይም የቤቱ ሰው ያስገባው እንግዳ ነው፤ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። ያ ረጅም ሰንሰለት ግን የቤታችሁ ቁልፍ ነው። በተለየ ፋይል አስቀምጡት። ኮዳችሁን ጊትሃብ በሚባለው የኮድ መጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ስታወጡ አብሮ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ።

ጥንቃቄው ለአምፖል ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ የ2016ቱን ነገር ልንገረው። የእስራኤሉ ዋይዝማን ኢንስቲትዩትና የካናዳው ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሂው አምፖሎች ላይ አንድ ቀዳዳ አገኙ። አምፖሎችን ከሩቅ፣ ከድሮን ላይ ሆነው ሳይቀር መቆጣጠር እንደሚቻል አሳዩ። ተንኮለኛ ፕሮግራም በዚግቢ ብቻ ከአንዱ አምፖል ወደ ጎረቤቱ አምፖል ሊዛመት እንደሚችልም አስረዱ። ድርጅቱ ቀዳዳውን በማሻሻያ ደፍኖታል። ስለዚህ «ማሻሻያ አለ» የሚለውን መልእክት ዝም ብላችሁ አትለፉት።

በራ!

ሂው ሁለት ዓይነት ኤፒአይ አለው። አሮጌው አምፖሎቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይቆጥራል፣ መልእክቱም ሳይመሰጠር ይሄዳል። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው ብዙ ትምህርቶች ስለ አሮጌው ናቸው። አዲሱ፣ ሁለተኛው ስሪት፣ መልእክቱን በሚመሰጥረው በኤችቲቲፒኤስ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ አምፖል ረጅም መለያ አለው፤ ያ ያገኛችሁት ቁልፍም የሚላከው በጥያቄው ራስጌ ላይ ነው። ዛሬ የሚጀምር ሰው በአዲሱ ይጀምር።

አዲሱን ስትሞክሩ ብሮውዘሩ ወይም ፓይተን ስለ ሰርተፊኬት (የብሪጁ ዲጂታል መታወቂያ) ያጉረመርማል። የብሪጁን ሰርተፊኬት የፈረመው አምራቹ ራሱ ስለሆነ ነው። ብዙዎች «ማረጋገጫውን አጥፉት» ይላሉ። ለመጀመሪያው ምሽት፣ በራሳችሁ ቤት ይሁን። ለሌላ ሰው የምትሰጡት ፕሮግራም ከሆነ ግን የአምራቹን ሰርተፊኬት ጫኑና በደንብ ይረጋገጥ።

መጀመሪያ ገት በሚባለው የመጠየቂያ ዘዴ የአምፖሎቹን ዝርዝር ጠይቁ። ስማቸው፣ መለያቸው፣ መብራት አለመብራታቸው፣ የብርሃናቸው መጠን ጄሰን በሚባል የመረጃ አጻጻፍ ይመጣላችኋል። አንዱን መለያ ቅዱ። ከዚያ ፑት በሚባለው የመቀየሪያ ዘዴ ወደዚያ መለያ ይህን ላኩ፦ «ኦን» በሚል ቅንፍ ውስጥ «ኦን» የሚል፣ ዋጋው «ትሩ»። ሁለት ጊዜ «ኦን» መሆኑን አስተውሉ፤ አንዱ ከተረሳ ብሪጁ አይቀበልም። ለብርሃን መጠን «ዲሚንግ» ውስጥ «ብራይትነስ»፣ ከ100 ስንት እንደሆነ።

አምፖሉ ሲበራ ልጁ ጣራውን አየ። ከዚያ ላፕቶፑን። ከዚያ እኔን። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያበራና ሲያጠፋ ዝም ብዬ አየሁት።

ስለ ነጭ ብርሃን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የአምፖል ካርቶን ላይ 2700 ኬልቪን ወይም 6500 ኬልቪን ይላል፤ ዝቅ ያለው ቁጥር ሞቅ ያለ ቢጫማ፣ ከፍ ያለው ቀዝቃዛ ሰማያዊ ቀመስ ነው። ሂው የሚፈልገው ግን ሚሬክ የሚባል ቁጥር ነው። ስሌቱ አንድ ሚሊዮንን ለኬልቪኑ ማካፈል ነው። 2700 ኬልቪን 370 ሚሬክ ይሆናል። የብዙዎቹ አምፖሎች ክልል ከ153 እስከ 500 ነው። ማለትም ከ6500 እስከ 2000 ኬልቪን።

ቀለም ላይ የድረ ገጽ ሠሪዎች ይደናገራሉ። እነሱ የለመዱት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ስንት ስንት እያሉ መስጠት ነው። ሂው ግን «ኤክስ» እና «ዋይ» የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ነው የሚጠይቀው፤ በቀለም ካርታ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ናቸው። የብርሃኑ ጥንካሬ ለብቻው ይላካል። ምክንያት አለው። የአምፖል ሞዴሎች የሚያወጡት ቀለም አንድ ዓይነት አይደለም፤ እያንዳንዱ ካርታው ላይ የራሱ ሦስት ማዕዘን አለው። ከሦስት ማዕዘኑ ውጭ የሆነ ቀለም ስትጠይቁት የሚቀርበውን ይሰጣችኋል። የእህቴ ልጅ ሦስቱን የሳሎን አምፖሎች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አደረጋቸው። አዲስ ሞዴል ስለሆኑ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ የሂው አምፖሎች ቢሆን ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። «ቡናማስ?» አለኝ። ቡናማ የሚባል ብርሃን የለም። ቡናማ ማለት አጠገቡ ደመቅ ያለ ነገር ሲኖር ደብዝዞ የሚታይ ብርቱካናማ ነው።

አትቸኩሉ

የመጀመሪያ ሥራዬ ቀስ እያለ የሚደምቅ የጠዋት ብርሃን ነበር። መቶ ደረጃ ያለው ሉፕ ጻፍኩ። 1 በመቶ፣ 2 በመቶ፣ 3 በመቶ እያለ በፍጥነት ይልካል። አምፖሉ ለስለስ ብሎ በመድመቅ ፈንታ እየዘለለ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየዘለለ ሄደ። ሉፑ ካለቀ በኋላ እንኳ የቀሩት ትእዛዞች እየተንጠባጠቡ ይደርሱ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የተሰጠው ምክር ግልጽ ነው፦ ለነጠላ አምፖሎች በሰከንድ ከ10 ትእዛዝ ገደማ አትለፉ፣ ለቡድን በሰከንድ አንድ። ለቡድን የተላከ ትእዛዝ በሁሉም አምፖሎች ስለሚስተጋባ ነው ቁጥሩ ያነሰው። ያ የዚግቢ መንገድ ጠባብ ነው። ሰው በሞላው ታክሲ ውስጥ እንደገና ሰው እንደመጠቅጠቅ ነው።

መፍትሔው ያነሰ መላክ ነው። አንድ ትእዛዝ ላኩ፦ «ወደ 100 በመቶ ሂድ፣ በዚህን ያህል ሚሊ ሰከንድ ውስጥ»። «ዳይናሚክስ» ውስጥ «ዱሬሽን» የሚባለው ለዚህ ነው። መድመቁን አምፖሉ ራሱ ይሠራዋል። መቶ መስመር ትእዛዝ አንድ ሆነ፣ ብርሃኑም እንደ ጎሕ ለስለስ አለ።

ሁኔታን ስትከታተሉም እንዲሁ ነው። «በርተሃል? በርተሃል?» እያላችሁ በየሰከንዱ አትጠይቁ። አዲሱ ኤፒአይ የክስተት መስመር አለው። አንድ ጊዜ ትከፍቱታላችሁ፣ ለውጥ ሲኖር ብሪጁ ራሱ ይነግራችኋል።

መብራት ሲሄድ፣ መብራት ሲመጣ

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር።

እናቴ ስማርት መብራት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ከክፍል ስትወጣ እጇ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነካ አያልፍም። ስልሳ ዓመት የለመደችው ነው፣ ልክም ናት። አንድ ቀን ማታ ኮዴን ስጠይቀው «የወጥ ቤቱ አምፖል በርቷል» አለኝ። ወጥ ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። «እማዬ፣ መብራቱን አጥፍተሽዋል?» ስላት «ታዲያ ማንም ሳይኖር ይብራ እንዴ?» አለችኝ።

የሆነው ይህ ነው። ግድግዳው ላይ ሲጠፋ አምፖሉ ኤሌክትሪክ አጣ። ኤሌክትሪክ ያጣ አምፖል «ጠፋሁ» ብሎ መናገር አይችልም። ብሪጁ የነገረኝ መጨረሻ ላይ የሚያውቀውን ነው። ስለዚህ «በርቷል» የሚለውን መልስ ብቻ አትመኑ። አዲሱ ኤፒአይ ለብቻው የዚግቢ ግንኙነትን ሁኔታ ይናገራል፦ ተገናኝቷል ወይስ ችግር አለ። ሁለቱን አብራችሁ አንብቡ። እናቴን ልማዷን አላስቀየርኳትም። ኮዱን ነው የቀየርኩት፤ መብራት የቤተሰቡ ሁሉ ነው።

ሁለተኛው ነገር መብራት ሲመጣ ነው። የሂው አምፖል ካልተነገረው በቀር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ቦግ ብሎ ይበራል። ይህም ለደህንነት የታሰበ ነው፤ ግድግዳውን የነካ ሰው ምንጊዜም ብርሃን ማግኘት አለበት። ሌሊት ሄዶ ሌሊት በሚመጣ መብራት ግን የተኛ ቤት ሁሉ ይነቃል። ኤፒአዩ ውስጥ «ፓወርአፕ» የሚባል ቅንብር አለ። ነባሪው «ሴፍቲ» ነው። «ፓወርፌይል» ካላችሁት፣ መብራቱ ከመሄዱ በፊት እንደነበረው ይመለሳል፤ በርቶ የነበረው በርቶ፣ ጠፍቶ የነበረው ጠፍቶ። እንደ አዲስ አበባ ላለ ከተማ ከቅንብሮቹ ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰዓትም አለ። ኮዱ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ለማለት 18 ብላችሁ ጻፉ። ብሪጁ ላይ ደግሞ የጊዜ ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጉት። አውሮፓ ያሉ ሰዎች ፀሐይ የምትገባበትን ሰዓት በየቀኑ ማስላት ግድ ይሆንባቸዋል፤ በክረምትና በበጋ መካከል ሰፊ ልዩነት አለና። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አንድ ቋሚ ሰዓት ይበቃችኋል።

«ፓወርፌይል»ን በሁሉም አምፖሎች ላይ የሚያስቀምጠውን ኮድ የጻፈው የእህቴ ልጅ ነው። አሥራ አምስት መስመር አይሞላም፤ ዝርዝሩን ይጠይቃል፣ በእያንዳንዱ ላይ ያልፋል፣ በመካከሉ ትንሽ ያርፋል። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ማታ መብራት ሄደ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ፍሪጁ ማጓራት ሲጀምር ነቃሁ። መብራት መጥቷል። መኝታ ቤቱ ግን እንደጨለመ ነው፤ ከወዲያኛው ክፍል የእናቴ ትንፋሽ ይሰማል።